ብረቱ የሚሰጠው ምስክርነት፦ የኮርቬት ሞተር ቁጥርና ያልተቋጨው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ገዢ ኤል 88 የተባለውን ሞተር ከሼቭሮሌ ኮርቬት ጋር ለማዘዝ የሚጨምረው 947 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነበር። በጥር 2014 ከእነዚያ መኪኖች አንዷ፣ ቀይዋ፣ በአሪዞና ስኮትስዴል ጨረታ ላይ 3.85 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። በ1967 ከተሠሩት 22,940 ኮርቬቶች ይህን ሞተር ይዘው የወጡት 20 ብቻ ናቸው። ሞተር ግን ይወርዳል፣ ይቀየራል። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር አብሮ ከፋብሪካ የወጣ ነው ወይስ በኋላ የመጣ? ሊብሬ ገልጦ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ያመሳከረ አንባቢ ጥያቄው አዲስ አይሆንበትም፤ መልሱ ግን ቁጥር ከማመሳከር ይርቃል።

ኤል 88 ለውድድር የታሰበ ሞተር ነው። ፋብሪካው 430 የፈረስ ጉልበት ብሎ ቢመዘግበውም እውነተኛ አቅሙ ከ500 በላይ ነበር፤ የ1967ቱ መኪና ሬዲዮም ማሞቂያም አልነበረውም። የውድድር ሞተር ደግሞ በውድድር ይሰበራል። በዚያን ጊዜ ሌላ ሞተር ገጥሞ መንዳት እንጂ የተሰበረውን ሞኖብሎክ ማስቀመጥ ለማንም አልታየውም።

ምርመራው የሚጀምረው ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ አብሮት ከወጣው መለያ ቁጥርና ቀን ነው። ወሩ ከኤ እስከ ኤል ባሉት ፊደላት ይጻፋል፤ ኤ ጥር ነው፣ ኤል ታኅሣሥ። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ከቴስታታው ፊት ያለችው ጠባብ ልሙጥ ገጽ ትታያለች። እዚያ ላይ በቡፋሎ አጠገብ ያለው የቶናዋንዳ ፋብሪካ ሞተሩ የተገጣጠመበትን ቀንና የዓይነቱን ፊደላት ይመታ ነበር፤ የ1967ቱ ኤል 88 «አይ ቲ» ነው። መኪናው በሚገጣጠምበት በሴንት ሉዊስ ደግሞ ከሻንሲ ቁጥሩ የተወሰደ ቁጥር ተጨመረበት። ሁለቱን ምቶች ሁለት ከተማ ያሉ ሁለት እጆች ስለመቷቸው አሰላለፋቸውም ጥልቀታቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ ከተገኘ ይጠረጠራል። ቀኖቹም ተራቸውን መጠበቅ አለባቸው፦ ብረቱ ይፈሳል፣ ሞተሩ ይገጣጠማል፣ ከዚያ መኪናው ይወጣል። መኪናው ከወጣ በኋላ የፈሰሰ ብረት የዚያ መኪና ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ የሚረቀው ምልክት ከቁጥሮቹ ሥር ያለው ነው። ፋብሪካው ያቺን ገጽ ሲያስተካክል መሣሪያው ቀጭን ትይዩ መስመሮች ይተውባታል፤ ቁጥሩ የሚመታው በእነሱ ላይ ነው። ሞተሩ ሲታደስ ቶርኖ ቤት ገጹን ከላጠው መስመሮቹም ቁጥሩም አብረው ይጠፋሉ። ይህ ተራ ጥገና ነው፤ ማንንም አያስወቅስም። ነውሩ የሚጀምረው በተላጠው ገጽ ላይ ሐሰተኛ መስመር ተስሎ አዲስ ቁጥር ሲመታበት ነው።

የፋብሪካ መዝገብ ቢኖር እንዲህ ያለው ሐሰት በቀላሉ በተጋለጠ ነበር። ለምሳሌ መኪና ሠሪው ጃጓር የድሮ መዝገቦቹን ስለያዘ ኢ-ታይፕ ለተባለው መኪናው ባለቤት የመጀመሪያውን የሞተር ቁጥር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በአሜሪካ ለተሸጡት የ1960ዎቹ ኮርቬቶች ግን እንዲህ ያለ የፋብሪካ መዝገብ የለም። በነዳጅ ታንኩ ላይ የተለጠፈው የትእዛዝ ወረቀት ከተረፈ ይረዳል፤ ካልተረፈ የሚቀረው ምስክር ብረቱ ነው።

ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀው በተላጠ ገጽ ላይ ቁጥር እንደገና መምታት ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ ነው። አንዱ ወገን «ቀለሙን እንደ ፋብሪካው መቀባት ከተፈቀደ ቁጥሩን እንደ ፋብሪካው መምታት ምን ያስነውራል?» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አዲስ ቀለም የመኪናውን መልክ ይመልሳል እንጂ «እኔ የመጀመሪያው ነኝ» አይልም። ቁጥር ግን በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ለዚህ መኪና ተሠራሁ የሚል ቃል ነው። በሌላ ብረት ላይ ያንን ቃል መምታት በሐሰት መመስከር ነው፤ የሚጎዳውም አንድ ገዢ ብቻ አይደለም። እውነተኛ ሞተራቸውን እንደያዙ የቆዩትም መኪኖች በጥርጣሬ እንዲታዩ ያደርጋል።

ሼቭሮሌ ራሱ የተሻለውን መንገድ አሳይቶ ነበር። በዋስትና የተቀየሩ ሞኖብሎኮች ላይ «ሲ ኢ» የሚሉ ፊደላት ይመታ ነበር፤ ምትክ መሆናቸውን ማንም እንዲያውቅ። ዛሬ መኪና የሚያድስ ሰውም የፋብሪካውን ሥራ መከተል ከፈለገ ይህንንም ይከተል፦ ምትኩን ምትክ ይበለው፣ የተላጠውንም ገጽ ባዶውን ይተወው። ባዶ ገጽ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ገዢ ግን አይዋሸውም።