ግድግዳ ውስጥ የሚኖር ውኃ
ዲላ በሚገኘው የጭቃ ቤቴ ግድግዳ ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ለመግጠም አስቤ ነበር። ከግድግዳው ማዶ የእናቴ አልጋ አለና፣ መዶሻ ከማንሣቴ በፊት አሰላሁ። 1 ሜትር ርዝመት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በጭቃ የተመረገ የባሕር ዛፍ ማገር ይህን እንዲሸከም አይታመንም። የፊቱን መስታወትም ውኃው በ125 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ይገፋዋል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ያለው ግፊት የሚጨምረው ከጥልቀቱ ጋር ነውና፣ የሚያይለው ከታች ነው። ስለዚህ ግድግዳው ክፈፍ ብቻ ይሁን፤ ሸክሙን የብረት መቆሚያ በቀጥታ ለጠንካራ ወለል ያስረክብ። ጭቃ እርጥበት ሲጠጣ ስለሚላላም፣ በገንዳውና በግድግዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተው። ውበቱን ግድግዳው፣ ክብደቱን ወለሉ ይያዝ።