ወርድ የሚባል ልክ አለ

ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ብትወርዱም፣ መስታወት የተገጠመለት ሱቅ ብትገቡም ጫማ ሻጩ የሚጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ቁጥር?» 42 ካላችሁ 42 ይመጣል። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ ጣጣው የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚለካው ርዝመትን ብቻ ነዋ! እኛ ዘንድ የተለመደው የአውሮፓ ቁጥር በአንድ ከፍ ሲል ጫማው 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ስለ ወርዱ ግን የሚነግራችሁ ነገር የለም። ስለ መሮጫ ጫማ የሶል ውፍረት፣ ስለ ካርቦንና ስለ ቀለም የሚያወራ ስለማይጠፋ፣ እኔ ይህን የተረሳ ልክ ላስተዋውቃችሁ።

ማለዳ ታና ዳር ዳሩን የሚሮጡ ሰዎችን ሳይ ዓይኔ ቀድሞ እግራቸው ላይ ያርፋል። ብዙዎቹ ጫማዎች በትንሿ ጣት በኩል ተቀደዋል፤ ሶላቸው ገና ሳያልቅ ጎናቸው አልቋል። አንዲት ወጣት ሯጭ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁለት ወርዳ ስታርፍ አየኋት፤ ጫማዋ በሁለቱም ጎን በምላጭ ተሰንጥቋል።

«ምነው ቀደድሽው?» አልኳት።

«ጣቴን ገደለኝ፣ ጋሼ። ቁጥሩ ግን ልኬ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ቁጥሩ ልኳ ነው፣ ጫማው ግን አይደለም።

ጫማ የሚወለደው ከፎርማ ነው። ፎርማ የእግር ቅርጽ ያለው ጠንካራ ቁስ ነው፤ የጫማው ላይኛው ክፍል በእሱ ላይ ተወጥሮ ከሶሉ ጋር ይጣበቅና ፎርማው ይወጣል። የፎርማው ወርድ የጫማው ወርድ ሆኖ ይቀራል። የአብዛኛው ፎርማ ጫፍ ወደ መካከል ይሾላል። የሰው እግር ግን ብዙውን ጊዜ የሚረዝመው በአውራ ጣት በኩል ነው፤ በባዶ እግሩ ወይም በክፍት ጫማ ያደገ ሰው ደግሞ ጣቶቹ ተዘርግተው ፊቱ ይሰፋል። ይህን ፊል ሆፍማን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጫማ የማያዘወትሩ 186 ሰዎችን እግር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1905 አሳትሞታል። ስለዚህ «እግሬ ክፉ ነው» የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉ። እግራችሁ ጤነኛ ነው፤ ፎርማው ነው ሌላ ሰው አስቦ የተሠራው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ምክር ልምጣ፤ «አንድ ቁጥር ጨምር»። ሻጩም፣ ጓደኛም፣ አንዳንዴ አሠልጣኝም ይለዋል። ጠባብ በር ያለው ቤት ጓሮ ቢቀጠልለት በሩ አይሰፋም። ጫማው አንድ ቁጥር ሲያድግ ከርዝመቱ 6.7 ሚሊ ሜትር ታገኛላችሁ፤ ከወርዱ ግን የምታገኙት ቢበዛ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመደበኛ ወርድ ወደ ሰፊ ወርድ ለመሸጋገር 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በቁጥር ብቻ እዚያ ልድረስ ያለ ሰው ሦስት ቁጥር ያህል መውጣት አለበት ማለት ነው።

ወጣ እንበል። ምን ይከተላል? የመሮጫ ጫማ የሚታጠፍበት የታወቀ ቦታ አለው፤ ያም ጣቶቻችን ከመሐል እግር በሚገናኙበት፣ እግር ራሱ በሚታጠፍበት መስመር ላይ ነው። ጫማው ሲረዝም መታጠፊያው ወደ ፊት ይሸሻል፤ እግር በአንድ ቦታ፣ ጫማ በሌላ ቦታ መታጠፍ ይጀምራሉ። ተረከዙም አብሮ ይላላል፤ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ እያለ ውሃ ያስቋጥራል። ከቤዛዊት አቀበት ሲመለሱ ደግሞ እግር በረጅሙ ጫማ ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣቶች ጫፉን ይደበድባሉ። ጥፍራቸው የጠቆረ ሯጮች «ጫማዬ አጥሮ ነው» ብለው ሌላ ቁጥር ሲጨምሩ ሳይ ልቤ ይቃጠላል። ችግሩ በወርድ ጀመረ፣ በርዝመት ታከመ፣ ሁለት ችግር ሆኖ ወጣ።

የምክሩ ወንድም «ይለቅልሃል» ነው። የቆዳ ጫማ ይለቃል፤ ጫማ ሠሪም በፎርማ ወጥሮ ያሰፋዋል። በመሮጫ ጫማ ግን የምትቆሙበት መደብ ስፖንጅ ነው፤ የላዩ ጨርቅ ቢለጠጥ እንኳ ያ መደብ አይሰፋም። እግራችሁ ከመደቡ ጠርዝ ወጥቶ ጨርቁ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያኔ ነው ጎኑ የሚቀደደው። ቅዳሜ ገበያ አንድ ሻጭ «ግዴለም አባቴ፣ ሳምንት ብታደርገው እጅህ ይገባበታል» አለኝ። እጄን አይደለም፣ እግሬን ነው ላስገባ የመጣሁት።

የማይበቃ ጫማ ምን እንደሚያስከትል ከኛ በላይ ምስክር ያለው አገር አለ ብዬ አላስብም። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው የሚል ወሬ አሁንም ይነገራል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሮም ላይ አዲስ ጫማ ነበረው፤ ጫማው ግን አልተስማማውም፣ እግሩን ውሃ አስቋጠረው። በባዶ እግር መሮጥን ከልምምድ ያውቀው ስለነበር ጫማውን ትቶ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በሆነ የዓለም ፈጣን ሰዓት አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ግን ፑማ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11 ሮጠና እንደገና የዓለምን ፈጣን ሰዓት ሰበረ። ሁለቱን ድሎች አንድ ላይ ስታዩ ትምህርቱ «ባዶ እግር ይሻላል» አይደለም፤ የማይስማማ ጫማ ከማድረግ ባዶ እግር ይሻላል፣ የሚስማማ ጫማ ከተገኘ ግን ጫማው ይሻላል ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ለዓመታት በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ለእግር ዝሆኔ ያጋልጣልና በዚህ ቀልድ የለም።

አበበ ሮምን ባሸነፈበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1960፣ ኒው ባላንስ «ትራክስተር» የተባለውን የመሮጫ ጫማ በተለያየ ወርድ ሠርቶ አቀረበ። መፍትሔው ይህን ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። ዛሬ ኒው ባላንስ፣ አሲክስና ብሩክስ ብዙ ሞዴሎቻቸውን በየወርዱ ይሠራሉ፤ አልትራ ደግሞ ፊቱን በእግር ቅርጽ ሰፋ አድርጎ ይሠራል። የወርዱ ምልክት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ በሳጥኑ ላይ ወይም በጫማው ምላስ ውስጥ ባለችው ጨርቅ ላይ ይጻፋል። ለወንድ «ዲ» መደበኛ፣ «2ኢ» ሰፊ፣ «4ኢ» በጣም ሰፊ ነው። ለሴት «ቢ» መደበኛ፣ «ዲ» ሰፊ ነው። እግረ ሰፊ እህቶቼ ልብ በሉ፤ የናንተ ሰፊ የወንዶቹ መደበኛ ነው። የወንድ ጫማ መሞከር አያሳፍርም። ፊደል ያልተጻፈበት ጫማ መደበኛ ነው ብላችሁ ውሰዱት። ኮፒ ጫማ ላይ የተጻፈውን ፊደል ግን አትመኑ፤ ምልክቱን የቀዳ ሰው ፎርማውን አይቀዳም።

ሰፊ ጫማ ሱቅ ውስጥ ካጣችሁ ሳልቫጅ ተራ ውረዱ። ሰው ያደረገው ጫማ ስለሆነ ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ድንጋይ ከሆነ ተዉት። «2ኢ» የምትለዋን ጽሑፍ የማያነብ ሻጭ ከሌላው ጋር በአንድ ዋጋ ስለሚሸጣት፣ ካገኛችሁ ፊታችሁን አታብሩ።

ከፊደል ሁሉ የሚበልጠው ፈተና ግን ነጻ ነው። የጫማውን የውስጥ ንጣፍ አውጡና መሬት ላይ አድርጋችሁ በላዩ ቁሙ። ተረከዛችሁን ከኋላው ጫፍ አስተካክሉ። ጣቶቻችሁ ወይም የእግራችሁ ጎን ከንጣፉ ካለፈ ያ ጫማ የእናንተ አይደለም፤ ቁጥሩ ምንም ይሁን። ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ወርድ ያህል ባዶ ቦታ ይተርፍ። ሁለቱንም እግር ሞክሩ፤ አንዱ ብዙ ጊዜ ከሌላው ይሰፋል። የምትሄዱትም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ናት፤ ቀኑን የዋለ እግር ያብጣል፣ ሩጫም ያሳብጠዋል፤ በጠዋት የተገዛ ጫማ ማታ ይጠብባል። እቤት ውስጥ ደግሞ ወረቀት ላይ ቁማችሁ እግራችሁን በእርሳስ ክበቡና ሰፊውን ቦታ በማስመሪያ ለኩ። በ42 ቁጥር አካባቢ ለወንድ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ መደበኛ ነው፤ ወደ 11 ከተጠጋ ሰፊ ነው። ሰፊ እግርና ጠፍጣፋ እግር አንድ አይደሉም፤ ጠፍጣፋነት የመሐል እግር ጉዳይ ነው፣ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጥቂት ብቻ ከጠበባችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ክሩን አውጡና በሰፊው ቦታ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ዝለሉ፤ ከበላይ ብቻ አጥብቁ። ምላጩን ለጢም ተዉት።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ ደክማችሁ ያገኛችሁትን ጫማ ክሩን ሳትፈቱ፣ የኋላውን እየረገጣችሁ እንደ ሸበጥ የምታጠልቁ ሰዎች አላችሁ። ተረከዙን የሚይዘው ያ የኋላ ክፍል አንዴ ከተሰበረ አይመለስም። ለእናንተ ጠባቡ በቂ ነበር።