ምንቃር ያለው ጠበቃ

ጠበቃው ጭልፊት ነው፤ ረዳቱ ድንቢጥ። ጭልፊቱ እንደ ሰው ለባብሶ ችሎት ፊት ቆሟል። ምስክሩ ቃሉን ሲያምታታ ክፉኛ የጠረጠረው ይመስላል። ልብ ብዬ ሳየው ግን ምንቃሩ ያው ነው፤ ከንፈር የሌለው ፍጡር መጠርጠሩን በምን ያሳውቅ? ጥርጣሬው የኔው ኖሯል።

ይህ «ኤቪያሪ አተርኒ» የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ሩጫና ተኩስ የለበትም፤ እንደ ልብ ወለድ እያነበቡ የሚጫወቱት ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ከሥሩ ንግግር ይጻፋል፣ ተጫዋቹ የት ሄዶ እንደሚመረምርና የትኛውን ማስረጃ እንደሚያቀርብ ይመርጣል። ቦታው ፓሪስ፣ ዘመኑ 1848፣ አብዮት ደጅ ላይ ነው። እንስሳቱን የሳለው ፈረንሳዊው ግራንድቪል ግን በ1847 ሞቷል። የሥዕሎቹ የባለቤትነት መብት ዘመን ካለፈ ቆይቷልና አዘጋጆቹ ከአሮጌ መጽሐፍ አውጥተው ነፍስ ዘሩባቸው። ግራንድቪል ጭንቅላቱን የእንስሳ፣ አቋምና ልብሱን የሰው አድርጎ መሳል ያውቅበታል፤ ደረቱን የነፋውን ወይም ያቀረቀረውን ስናይ «ይህን ሰው የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» እንላለን።

እንዲህ በቀላሉ መሸነፋችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አጭር ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ማዕዘኖችና አንዲት ክብ ብቻ ናቸው፤ በአንድ ሳጥን ዙሪያ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ያዩትን እንዲጽፉ ከተጠየቁት 34 ሰዎች መካከል ነገሩን በቅርጽነቱ ብቻ የገለጸው አንድ ሰው ነው። የቀሩት ሁሉ ነፍስ ያለው ነገር አዩ፤ አብዛኞቹ ሰው፣ ሁለቱ ደግሞ ወፍ! ሦስት ማዕዘን ካሳመነን ጭልፊትማ ምን ይሳነዋል። እኛስ ጅብን ሞኝ፣ ጦጣን ብልጥ እያልን አይደል ያደግነው?

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው ሳያስበው የሳይንስ ወገን የሆነው። ሰው ፊት ለፊቱ የሚናገረው ሰው መዋሸቱን ያውቃል ወይ የሚለው ብዙ ተጠንቷል። በ2006 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንታኔ እንዳሳየው፣ እውነቱን ከውሸቱ በትክክል የምንለየው በአማካይ 54 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ፊት ይሸውዳል። ምንቃር ግን የሚያሳየው ፊት ስለሌለው ተጫዋቹ ወደ ቃሉ ይመለሳል፦ ምስክሩ ቅድም ምን አለ? ከያዝኩት ማስረጃ ጋር የት ይጋጫል?

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፊት እያየሁ ስገምት ለምርመራ የተሰጡኝ ቀናት አለቁ፣ ወሳኙን ማስረጃ ሳልይዝ ችሎት ገባሁ፣ ደንበኛዬ ተፈረደባት። ብዙ ጨዋታዎች እዚህ ላይ «እንደገና ሞክር» ይላሉ። ይህኛው ፍርዱን እንዳለ ተቀብሎ ታሪኩን ቀጠለ።