የወላይታ ሸማኔ

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሶዶ ከተማና በወላይታ አገር ዱንጉዛ የሚባል የተዋበ ልብስ ይለበሳል። ቀለሞቹም ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ ናቸው። በመስከረም ወር፥ በጊፋታ በዓል፥ ሽማግሌውም ወጣቱም ዱንጉዛ ለብሶ ሲወጣ ማየት ዓይንን ደስ ያሰኛል።

ይህን ልብስ የሚሠራው ሸማኔ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ሽመና ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነበረ። ታዲያ ሸማኔው ጥበቡን ከወዴት አገኘው? ሕፃን ሳለ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ክሩን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል፤ እያጠነጠነም የአባቱን እጅና እግር ይመለከታል። መምህሩ ዓይኑ ነው።

ሥራውም እንዲህ ነው። ሴቶች ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ባለ ቀለሙም ክር ከገበያ ይገዛል። ሸማኔው ድሩን ከዘረጋ በኋላ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰድዳል። መርገጫውን በእግሩ ሲረግጥ ድሩ ይከፈታል፤ በእጁም መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፥ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል። ጥለቱ በወረቀት የተጻፈ አይደለም፤ በልቡ ያለ ነው። ስለዚህ ክሮቹን እየቈጠረ ይሠራል፤ አንዲት ክር ብትሳሳት ጥለቱ ይበላሻልና።

ጐረቤቶቹ የጋሞ ሰዎች፥ ይልቁንም ዶርዜዎች፥ በሽመና የታወቁ ናቸው፤ በጋሞም ዱንጉዛ ይለበሳል። ጐረቤት ከጐረቤት እያየ ይማራል፤ ብልህ ሰው ከባልንጀራው መማርን አያፍርበትምና።

ነገር ግን ቀድሞ በኢትዮጵያ ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የሚንቁ ብዙዎች ነበሩ። በወላይታም ሸክላ ሠሪዎችን በጋብቻ ያርቋቸው ነበር። በማሰሮዋ ወጥ እየሠሩ ማሰሮዋን የሠራችውን ይንቁ ነበር፤ ልብሱን እየለበሱ የሠራውን ይሰድቡ ነበር። ስለዚህ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠሪን መሳደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ሆኖም ዐዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ንቀቱም በአንድ ቀን አልጠፋም።

ልጆች ሆይ፥ በትምህርት ቤት ከአጠገባችሁ የሸማኔ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ቢቀመጥ አትናቁት። የለበሳችሁትን ልብስ ተመልከቱ፤ የሸማኔ እጅ ባይኖር አባቶቻችሁን ብርድ በጐዳቸው ነበር። ሊያሳፍር የሚገባው ሥራ ሳይሆን ስንፍና ነው።