ስለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒትና ስለ ሱስ ፍርሃት

በአርሲና በባሌ ደጋ የጉሮሮ ነቀርሳ፣ ይኸውም በምግብ መውረጃው ቧንቧ ላይ የሚወጣው ካንሰር፣ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ይልቅ በርክቶ እንደሚታይ ሐኪሞች ካስተዋሉት ቆይቷል። ደዌው የሚገባው በዝግታ ነው። መጀመሪያ ቂጣው አልወርድ ይላል፤ ቀጥሎ እንጀራው፤ ከዚያም ገንፎው፤ በመጨረሻ ውሃው ራሱ አልዋጥ ይላል። ከጢቾ የተነሣ ሕመምተኛ የቤቱንና የሰፈሩን መድኃኒት ሁሉ ፈትኖ ወደ አሰላ፣ ከአሰላም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ብዙውን ጊዜ የቀዶ ጥገናው ሰዓት አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ዘመዶቹ ይዘውት ወደ አገሩ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ይድናል ወይስ አይድንም የሚል አይደለም፤ የቀረችውን ጥቂት ወር እየጮኸ ይፈጽማታል ወይስ ከልጆቹ ጋር እየተነጋገረ የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነው መድኃኒት ከተገኘ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። ዘርቱርነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከኦፒየም ለይቶ አወጣውና ስሙን በግሪኮች የሕልም አምላክ በሞርፊየስ ሰየመው፤ ዛሬ ሞርፊን የሚባለው ነው። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ በልክ የሚጠጣ ስለ ሆነ፣ ክኒን መዋጥ ላቃተው የጉሮሮ ሕመምተኛ እጅግ የሚስማማ ነው። ዋጋውም ውድ አይደለም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ሞርፊን የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነው፤ ወደ ገጠሩ ሲወረድ እምብዛም አይታይም። ይህም የኢትዮጵያ ብቻ ዕጣ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደ ገለጸው፣ ከ2010 እስከ 2013 በነበሩት ዓመታት በዓለም ላይ በያመቱ ከታደለው በሞርፊን ልክ 298.5 ቶን ከሚሆነው የዚህ ወገን መድኃኒት ውስጥ ለድኾቹ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን፣ ማለት 100 ኪሎ ብቻ ነው።

ከመሰናክሎቹ ትልቁ ፍርሃት ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ሱሰኛ አደርገው ይሆን ብሎ ይፈራል፤ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚናገረውን የወንጀል ሕግ 525ኛ አንቀጽ ያስባል፤ አስታማሚውም ሞርፊን ከታዘዘ ሞት ደጅ ደርሷል ማለት ነው ይላል። ፍርሃቱ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ክኒን አውጥቶ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ሳይቀር እንዲታዘዝ አደረገ፤ ለሱስ የሚያጋልጠው እጅግ ጥቂቱን ሰው ነው እያለም አስነገረ። ለዚህ አባባል በየቦታው ይጠቀስ የነበረው አንዱ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣች የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ናት። ደብዳቤይቱ የምትናገረው በሆስፒታል ተኝተው ስለሚታከሙ ሰዎች እንጂ በቤታቸው ለዓመታት ክኒን ስለሚወስዱ አልነበረም። ኩባንያው በ2007 እና በ2020 በፍርድ ቤት ጥፋቱን አመነ። ሆኖም በዚያ አገር በ2021 ብቻ በዚህ ወገን መድኃኒትና ዕፅ ከ80,000 ሰው በላይ ሞተ፤ አብዛኞቹን የገደለው በስውር የሚሠራው ፈንታኒል ነው።

ይህን ታሪክ ሰምቶ የጢቾውን ሕመምተኛ ሞርፊን መንፈግ ግን የማይገናኙ ነገሮችን መደባለቅ ነው። ሞርፊን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ በድንገት ቢቋረጥበት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዱም ይታወካል። ስለዚህ መቀነስ ያስፈለገ እንደ ሆነ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። ይህ የሰውነት መልመድ ነው፤ ሱስ አይደለም። ሱስ የሚባለው ሰው ጉዳቱን እያየ ፍላጎቱን መግታት ሲሳነው፣ ቤቱንና ሥራውን ትቶ መድኃኒቱን ብቻ ሲያሳድድ ነው። ነቀርሳው እያደገ ሄዶ ልኩ እንዲጨመርለት የሚለምን ሰው የሚጠይቀው ሕመሙ እንዲቀንስለት ነው። ሞርፊን ሞትን ያፋጥናል የሚለውም፣ ከትንሽ ተጀምሮ በሐኪም ልክ እየተጨመረ ሲሰጥ ሐሰት ነው። ያለ ልክ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ትንፋሽን አዝግሞ ይገድላል፤ በዚህ ቀልድ የለም። በየዕለቱ የሚያስቸግረው የሆድ ድርቀት ስለ ሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት፤ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

አርባ ዓመት ሞፈር የጨበጠ ገበሬ የሚያሰማው የወገብና የጉልበት ሕመም ግን ሌላ መንገድ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የታተመ ምርመራ እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸውን 240 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አንድ ዓመት ተከታተላቸው፤ ከኦፒየም ወገን የሆነውን መድኃኒት የወሰዱት ሌላውን ከወሰዱት የተሻለ አልሠሩም፣ አልተራመዱምም። ለእንዲህ ያለው ሕመም ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ሙቀት፣ እንደ ፓራሲታሞል ያሉ መድኃኒቶች ይቀድማሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለትራማዶል ነው። ትራማዶል ከዚያው ወገን ሆኖ ሳለ በ1961ዱ ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላልገባ ከሞርፊን ይልቅ በቀላሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በናይጄሪያና በግብፅ ብዙ ወጣት በሱስ ጥሏል። ሞርፊኑን በሁለት ቁልፍ ቆልፎ ትራማዶሉን ያለ ማዘዣ በመስኮት የሚያቀብል መድኃኒት ቤት ቢኖር ጥንቃቄውን ገልብጦ የያዘ ነው።

በጣር አልጋ አጠገብ ከሐኪሙ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚቀመጠው የንስሓ አባት ነው፤ በእስላሙም ቤት ሼኩ ነው። ሥቃይን መታገሥ ዋጋ አለው ብሎ የሚያምን ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢገፋ፣ ሊያስረዳው የሚችለው ይኸው የሚያምነው ሰው ነው። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርንና ከምድር የተገኘን መድኃኒት አለመናቅን ሲያዝ፣ ጸሎቱንም አያስቀርም። ሕመሙ የታገሠለት ሰው ኑዛዜውን በልቡናው ሆኖ ይናገራል፤ ቀንዲሉም ሲቀባ ያውቀዋል።

ኡጋንዳ በዚህ ቀድማለች። በ2004 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ፣ ልዩ ትምህርት የተማሩ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቀደች፤ ፈሳሹም እዚያው ተበጥብጦ፣ እንደ ጥንካሬው በቀለም ተለይቶ በነጻ ይታደላል። በኢትዮጵያም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉትን ሕሙማን ሲረዳ ቆይቷል፤ የጤና ሚኒስቴርም ስለዚሁ መመሪያ አውጥቷል። የ1961ዱ ስምምነት ራሱ በመግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን መስክሮ፣ ለሕሙማን እንዲደርሱ ማድረግን ግዴታ ያደርጋል። እያንዳንዱ መንግሥት ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገውን መጠን ገምቶ ለዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ተቆጣጣሪ ቦርድ ያስታውቃል። ግምቱ የሚነሣው ደግሞ በአብዛኛው ባለፈው ዓመት በየሆስፒታሉ ከታዘዘው ነው። ሐኪም ፈርቶ ያላዘዘለት የጢቾ ሕመምተኛ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ ለሚመጣው ዓመትም በእርሱ ደዌ ለሚያዘው ጎረቤቱ የሚታሰብለት ጠርሙስ የለም።