ያውቁ ኖሯል? ኦስካር ያሸለመው መርፌና ክር

• ከህንዳውያን ሁሉ ቀድመው ኦስካር የተሸለሙት የፊልም አልባሳት ዲዛይነሯ ባኑ አታይያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 «ጋንዲ» ለተሰኘው ፊልም የተሰጠውን ሽልማት ከእንግሊዛዊው ጆን ሞሎ ጋር ተጋርተዋል።

• በፊልሙ የጋንዲ ሕይወት በልብሳቸውም ይነበባል፦ በደቡብ አፍሪካ ሱፍና ከረባት ያደርጉ የነበሩት ጠበቃ በኋላ በእጅ የተፈተለ ነጭ ጥጥ አገልድመው ይታያሉ።

• በ1929 በኮልሃፑር የተወለዱት ባኑ መነሻቸው ሥዕል ነበር። በቦምቤይ ሥነ ጥበብ ተምረው ለሴቶች መጽሔት የፋሽን ሥዕሎችን ይሥሉ ነበር።

• ሳሪ ተጠቅልሎ የሚለበስ ረጅም ጨርቅ ነው። ተዋናይት ሙምታዝ በ1968ቱ «ብራህማቻሪ» ፊልም የጨፈረችበትን ብርቱካናማ ሳሪ ግን ባኑ አስቀድመው አሰፍተው ዚፕ አስገጠሙለት። ስለዚህ ስትጨፍር አይፈታባትም። ያ ሳሪ ዛሬም ይኮረጃል።

• ከ100 በላይ ፊልሞችን ያለበሱ ሲሆን፣ «ላጋን» የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

• በ2012 የኦስካር ሐውልታቸውን በአደራ እንዲጠበቅ ለሸላሚው አካዳሚ መልሰው ሰጡ። በ2020 በ91 ዓመታቸው በሙምባይ አረፉ።