የካሴት ዘመን ስፒከር ዛሬም ይሠራል?

በካሴት ዘመን ከቴፕ ጋር የተገዙ ትንንሽ የሣጥን ስፒከሮች የመንዟን መሐል ሜዳን በመሰሉ ከተሞች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ቴፑ ከሞተ ቆይቷል፤ ስፒከሮቹ ግን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። እኔ አትጣሏቸው ባይ ነኝ። ስፒከር እንደ ስልክ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ራይስና ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ይፋ ያደረጉት የማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልና የወረቀት አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። ማግኔቱም በ40 ዓመት አይደክምም።

ቀድሞ የሚያረጀው ወረቀቱን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ጠርዝ ነው። ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እርጥበትና ፀሐይ ይበሉታል፤ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ግን ብዙ ይቆያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ ጉምና ብርድ በማይለየው የመንዝ ደጋ፣ ሣጥኑንም መዳሰስ ያስፈልጋል። ርካሽ ሣጥን የሚሠራው ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ያብጣል።

ቀጥሎ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ግራና ቀኙን እኩል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። የመፋቅ ድምፅ ከሰጠ ጥቅሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። ሽቦው መበጠሱን ለማወቅ ደግሞ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ብቻ አስነኩት፤ ጤነኛው ወረቀት ይንቀሳቀሳል፣ «ጠቅ» ይላል። ቴስተር ካለ፣ 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 7 ያነባል። ከኋላው በትልቁ የተጻፈውን የፒኤምፒኦ ዋት ግን እርሱት፤ ለገበያ የተጋነነ ቁጥር ነው።

ዋናው ፈተና ጆሮ ነው። ስልክ ብቻውን እነዚህን ስፒከሮች ስለማያንቀሳቅስ መሐል ላይ ትንሽ አምፕሊፋየር ይግባ። እኔ የማስቀድመው የዓለሙ አጋን በገና ነው፤ ደካማ ስፒከር የበገናውን ንዝረት ያሰማና የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ይውጠዋል። ነገር ግን በገና ከእንዝራው፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ የተነሳ በተፈጥሮው ስለሚነዝር የተቀደደ ወረቀትን ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ድምፅም ይሰማ፤ የወንድ ንግግር ከነዘረ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው። ሁለቱ ስፒከሮች አብረው ተገጥመው ወፍራሙ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ሳትበሳጩ የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይሩ።

ይህን ሁሉ ካለፈ፣ የድሮው ሣጥን ስፋት ስላለው በወፍራም ድምፅ መዳፍ የምታህለውን አዲስ የብሉቱዝ ስፒከር ይበልጣታል። በመንዝ የድንጋይ ቤት ግን ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ ቀጭኑን ያሾለዋል፤ ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ባና ወይም ዝተት ቢሰቀል ድምፁ ይለዝባል።